የሀብል የሕዋ ቴሌስኮፕ የጥገና ተልዕኮዎች

የሀብል የሕዋ ቴሌስኮፕ የጥገና ተልዕኮዎች የሚባሉት የአሜሪካ የሕዋ ድርጅት (ናሳ) በምድር ምህዋር ላይ የሚገኘውን የሀብል ቴሌስኮፕ ለመጠገንና ለማደስ ጠፈርተኞችን የላከባቸው አምስት በረራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1993)፣ የመጨረሻው ደግሞ በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) ተካሄደ። በአምስቱ በረራዎች 16 ጠፈርተኞች 23 ጊዜ ከመንኮራኩር ወጥተው በድምሩ ወደ 166 ሰዓት ሠርተዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ሲሆን በቅንፍ ያሉት የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሀብል ከመወንጨፉ በፊት የሰው እጅ እንዲደርስበት ታስቦ የተሠራ ቴሌስኮፕ ነው። መስታወቱ ተሳስቶ መሠራቱ ሲታወቅ ከውድቀት ያዳነው ይህ ውሳኔ ነበር። ውሳኔው ዋጋም ነበረው፤ አንድን መሣሪያ ለማዳን ሰባት ሰዎችን ለአደጋ ማጋለጥ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ አምስተኛውን ጥገና ለዓመታት አጓቶታል።

ቴሌስኮፑ

ሀብል ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ከኤድዊን ሀብል ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 1982 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 1990) ዲስከቨሪ በተባለው የጠፈር መንኮራኩር ወደ ሕዋ ወጣ። በ1986 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አካባቢ ሊወነጨፍ ታቅዶ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት ጥር ወር ቻሌንጀር የተባለው መንኮራኩር ሰባት ሰዎችን ይዞ በመፈንዳቱ ጉዞው ለዓመታት ተላለፈ።

ቴሌስኮፑ 13 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱ ሲወነጨፍ 11 ቶን ገደማ ነበር። ብርሃን የሚሰበስበው ዋናው መስታወት 2.4 ሜትር ስፋት አለው። ከምድር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በሰዓት 27,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅበት 95 ደቂቃ ያህል ነው። ቴሌስኮፕን እዚያ ድረስ መስቀል ያስፈለገው በከባቢ አየር ምክንያት ነው። የኮከብ ብርሃን አየር ውስጥ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፤ ከአልትራቫዮሌት ጨረር አብዛኛው ደግሞ ጭራሽ ወደ መሬት አይደርስም።

ሀብል ሲነደፍ ዋና ዋና ዕቃዎቹ እንደ መሳቢያ ወጥተው በሌላ እንዲተኩ ተደርጓል። ካሜራዎቹና የመለኪያ መሣሪያዎቹ በሮች ባሏቸው ክፍሎች ውስጥ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ ብሎኖች በወፍራም ጓንት ውስጥ ያለ እጅ እንዲፈታቸው ተደርገው ተሠርተዋል። በቴሌስኮፑ አካል ላይም ቢጫ ቀለም የተቀቡ የእጅ መያዣዎች ተገጥመዋል። በምህዋር ላይ ያለን መሣሪያ መጠገን እንደሚቻል ከዚያ በፊት ታይቶ ነበር፤ በ1976 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1984) በቻሌንጀር የተጓዙ ጠፈርተኞች ፀሐይን የምታጠና ሶላር ማክስ የተባለች ሳተላይት ይዘው ጠግነው መልሰው ለቀዋት ነበር።

የመስታወቱ ስህተት

ቴሌስኮፑ ሥራ በጀመረ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ፣ በሰኔ 1982 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1990)፣ ናሳ ዋናው መስታወት ቅርጹ የተሳሳተ መሆኑን ይፋ አደረገ። የመስታወቱ ጠርዝ መሆን ከሚገባው በላይ 2.2 ማይክሮ ሜትር ያህል ጠፍጠፍ ብሎ ነበር። ይህ የአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት አንድ ሃምሳኛ ያህል ነው።

ይህን ያህል ትንሽ ልዩነት እንዴት ትልቅ ጉዳት እንዳስከተለ ለመረዳት የመስታወቱን ሥራ ማየት ያስፈልጋል። የቴሌስኮፕ መስታወት ጎድጓዳ ነው፤ ከኮከብ የመጣውን ብርሃን ሁሉ አንጸባርቆ በአንድ ነጥብ ላይ ማሰባሰብ አለበት። የሀብል መስታወት ግን ከመሐሉ የሚመጣውን ብርሃን በአንድ ቦታ፣ ከጠርዙ የሚመጣውን ደግሞ ትንሽ ራቅ ባለ ሌላ ቦታ ይሰበስብ ነበር። በዚህም የተነሳ ኮከብ እንደ ነጥብ መታየቱ ቀርቶ በዙሪያው ጭጋግ የመሰለ ክብ ይታይ ጀመር። በዕቅዱ መሠረት ከአንድ ኮከብ ብርሃን 70 በመቶው በጠባብ ክብ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ በተግባር የገባው ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነበር።

ስህተቱ የተፈጠረው መስታወቱን ያለሰለሰው ፐርኪን-ኤልመር የተባለው ኩባንያ ቅርጹን ለመለካት በተጠቀመበት መሣሪያ ላይ ነው። በመለኪያው ውስጥ ያለ አንድ ሌንስ ከትክክለኛ ቦታው በ1.3 ሚሊ ሜትር ተዛንፎ ተገጥሞ ነበር። ሠራተኞቹ መስታወቱን መለኪያው እንዳሳያቸው በከፍተኛ ጥንቃቄ አለሰለሱት፤ መስታወቱም ከተዛባው መለኪያ ጋር ፍጹም የሚስማማ ሆነ። ሌሎች ቀለል ያሉ መለኪያዎች ችግር መኖሩን አሳይተው ነበር። ሆኖም ዋናው መለኪያ ከሁሉ የተሻለ ነው ተብሎ ስለታመነ ውጤታቸው ችላ ተባለ። የምርመራ ቦርዱም ስህተቱ ሳይታወቅ የቀረው በሁለተኛ ራሱን የቻለ መለኪያ ባለመረጋገጡ መሆኑን ገለጸ። ኮዳክ የተባለው ኩባንያ ለመጠባበቂያ የሠራው ሌላ መስታወት ግን ትክክለኛ ቅርጽ ነበረው፤ እሱ ወደ ሕዋ ሳይወጣ ቀረ።

ለቴሌስኮፑ እስኪወነጨፍ ድረስ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት ስለነበር በናሳ ላይ ብዙ ወቀሳና ፌዝ ወረደ።

መፍትሔው፦ ለቴሌስኮፕ መነጽር

ዋናው መስታወት በምህዋር ላይ ሊቀየር የሚችል አልነበረም። ቴሌስኮፑን ወደ ምድር አውርዶ መጠገንም ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን በመመለስና እንደገና በማስወንጨፍ መካከል ሊበላሽ፣ ከነጭራሹም ሳይመለስ ሊቀር ይችላል የሚል ስጋት አየለ።

መሐንዲሶቹን የረዳቸው የስህተቱ ባሕርይ ነው። መስታወቱ ቅርጹ ይሳሳት እንጂ እጅግ ለስላሳ ነበር፤ ስህተቱም በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነበር። እንዲህ ያለውን ጉድለት በትክክል ለክቶ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ በዚያው ልክ የተዛባ ትንሽ መስታወት በብርሃኑ መንገድ ላይ ቢያስቀምጡ ሁለቱ ስህተቶች ይጣፋሉ። የዓይን ሐኪም ለታካሚው መነጽር የሚያዝበት መንገድም ይኸው ነው።

አዲሱ ካሜራ፣ ሁለተኛው የሰፊ መስክ ካሜራ፣ ማስተካከያው በራሱ ውስጥ እንዲኖረው ተደርጎ ተሠራ። ለሌሎቹ መሣሪያዎች ደግሞ ኮስታር የተባለ ዕቃ ተዘጋጀ። ኮስታር የስልክ መደወያ ክፍል የሚያህል ሣጥን ሲሆን፣ ሳንቲም የሚያህሉ አሥር ትናንሽ መስታወቶች አሉት። ሣጥኑ ከተገጠመ በኋላ መስታወቶቹን የያዙት ክንዶች ተዘርግተው በብርሃኑ መንገድ ላይ ይቆማሉ። ሐሳቡን ያመነጨው መሐንዲሱ ጄምስ ክሮከር ነው። በጀርመን አገር ባረፈበት ሆቴል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚል፣ የሚታጠፍ የሻወር መያዣ አይቶ መስታወቶቹን በእንዲህ ዓይነት ክንድ ማድረስ እንደሚቻል አሰበ። ለኮስታር ቦታ ለመልቀቅ ከነባሮቹ መሣሪያዎች አንዱ፣ የከዋክብትን የብርሃን መጠን የሚለካው፣ መነሳት ነበረበት።

የመጀመሪያው ጥገና (1986 ዓ.ም.)

ኢንዴቨር የተባለው መንኮራኩር ኅዳር 23 ቀን 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1993) ሰባት ጠፈርተኞችን ይዞ ከፍሎሪዳ ተነሳ። የበረራው መሪ ሪቻርድ ኮቪ፣ አብራሪው ኬኔት ባወርሶክስ ነበሩ። የመንኮራኩሩን የሮቦት ክንድ የሚያንቀሳቅሰው ስዊዘርላንዳዊው ክሎድ ኒኮሊዬ ሲሆን፣ ስቶሪ መስግሬቭ፣ ጄፍሪ ሆፍማን፣ ካትሪን ቶርንተንና ቶም ኤከርስ ሁለት ሁለት እየሆኑ ከመንኮራኩሩ ውጭ እንዲሠሩ ተመድበዋል።

ይህ ሥራ በተለምዶ የሕዋ ላይ የእግር ጉዞ ይባላል፤ ሆኖም ድካሙ የእጅ ነው። የጠፈር ልብስ በአየር የተነፋ በመሆኑ ጣትን ባጠፉ ቁጥር ከጓንቱ ግፊት ጋር መታገል ያስፈልጋል። ክብደት ስለሌለ ብሎን ለመፍታት የሚሞክር ሰው እግሩ በአንድ ነገር ካልተያዘ በስተቀር ብሎኑ ቆሞ እሱ ራሱ ይዞራል። ለዚህ ነው ጠፈርተኞቹ በሮቦቱ ክንድ ጫፍ ላይ እግራቸውን አስረው የሚሠሩት። ልምምዱም የሚደረገው የቴሌስኮፑ አምሳያ በገባበት ትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ ነው። መስግሬቭ ከበረራው በፊት አየር በሌለበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ መሣሪያዎቹን ሲፈትሽ ጣቶቹን ብርድ ጎድቶት ነበር።

በአምስት ተከታታይ ቀናት አምስት ጊዜ ተወጣ፤ ጠቅላላው የሥራ ጊዜ 35 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን መስግሬቭና ሆፍማን የቴሌስኮፑን አቅጣጫ የሚለኩ ጋይሮስኮፖችን ቀየሩ። ሲጨርሱ የክፍሉ በሮች አልገጥም ብለው ብዙ አስቸገሯቸው፤ በመጨረሻ በማሰሪያ ቀበቶ ስበው ዘጓቸው። በሁለተኛው ቀን ቶርንተንና ኤከርስ ሶላር ፓነሎቹን ለወጡ። የቀድሞዎቹ ቴሌስኮፑ ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲወጣ በሙቀቱ ለውጥ እየተለጠጡ ቴሌስኮፑን ያንቀጠቅጡት ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ተጣሞ አልጠቀለል ስላለ ቶርንተን በክንዱ ጫፍ ላይ ቆማ በእጇ ይዛ ወደ ሕዋ ለቀቀችው። በሦስተኛው ቀን አዲሱ ካሜራ፣ በአራተኛው ኮስታር ተገጠመ።

መንኮራኩሩ ታኅሣሥ 4 ቀን 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 1993) በሰላም አረፈ። ጥገናው መሳካቱ ግን ገና አልታወቀም ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ የመጡት ምስሎች ጥርት ያሉ ሆነው ተገኙ። ጥር 5 ቀን 1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 1994) ኤም 100 የተባለው ጋላክሲ ከጥገናው በፊትና በኋላ የተነሳቸው ፎቶዎች ጎን ለጎን ለሕዝብ ቀረቡ። በመጀመሪያው ላይ የደበዘዘ የነበረው የጋላክሲው መሐል በሁለተኛው ላይ ክንዶቹና ነጠላ ከዋክብቱ ተለይተው ታዩ።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ጥገና

ሁለተኛው ጥገና የካቲት 4 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1997) በዲስከቨሪ ተጀመረ። ብርሃንን በቀለም እየከፋፈለ የሚያጠናው ስቲስና በኢንፍራሬድ ጨረር የሚያየው ኒክሞስ የተባሉት መሣሪያዎች ተገጠሙ። ጠፈርተኞቹ የቴሌስኮፑ የሙቀት መከላከያ ሽፋን በፀሐይ ጨረር ብዛት ተቀዳዶ ስላገኙት በያዙት ዕቃ ጣፉት።

ሦስተኛው ጥገና ድንገተኛ ነበር። ሀብል ስድስት ጋይሮስኮፖች አሉት፤ በመደበኛ አሠራሩ ሦስቱ ያስፈልጉታል። በእያንዳንዱ ውስጥ ያለው መንኮራኩር በደቂቃ 19,200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያደርሱለት ሽቦዎች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ሽቦዎቹ የተነከሩበት ወፍራም ፈሳሽ በሚሞላበት ጊዜ በአየር ተገፍቶ ስለነበር፣ በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሽቦዎቹን ቀስ በቀስ በላቸው። ኅዳር 3 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1999) አራተኛው ጋይሮስኮፕ ሲቆም ቴሌስኮፑ ምልከታውን አቋርጦ ራሱን ወደ ጥንቃቄ ሁኔታ አስገባ። ዲስከቨሪ ከወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን፣ ተነስቶ ስድስቱም እንዲቀየሩ ተደረገ። አዲሶቹ ሲሠሩ በአየር ፋንታ ናይትሮጅን ጥቅም ላይ ውሏል። የቴሌስኮፑ ዋና ኮምፒውተርም ኢንቴል 486 ፕሮሰሰር ባለው፣ ከቀድሞው 20 ጊዜ በሚፈጥን ኮምፒውተር ተተካ።

አራተኛው ጥገና የካቲት 22 ቀን 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2002) በኮሎምቢያ ተጀመረ። አዲስ ካሜራና አዲስ ሶላር ፓነሎች ተገጠሙ። ከሁሉ የከበደው ኃይል የሚያከፋፍለውን ክፍል መቀየር ነበር፤ ለዚህ ሲባል ሀብል ከተወነጨፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ተመልሶ እንደሚበራ እርግጠኛ መሆን አይቻልም ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ ግን በራ።

የኮሎምቢያ አደጋና የተሰረዘው ጉዞ

ያንን ጥገና ያከናወነው መንኮራኩር፣ ኮሎምቢያ፣ በቀጣዩ በረራው ሲመለስ ጥር 24 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003) በአየር ላይ ተበታትኖ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። ሲነሳ ከነዳጅ ታንኩ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፉን መትቶ ቀዳዳ አበጅቶበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ናሳ ክንፉ የተጎዳ መንኮራኩር ሠራተኞቹን በዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ላይ እንዲያስጠልል ወሰነ። ወደ ሀብል የሚሄድ መንኮራኩር ግን ይህን ማድረግ አይችልም። የሀብል ምህዋር ከምድር ወገብ 28.5 ዲግሪ ያዘነበለ ሲሆን የጣቢያው 51.6 ዲግሪ ነው። በሕዋ ላይ የምህዋርን ዝንባሌ መለወጥ እጅግ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል፤ መንኮራኩሩ ያን ያህል ነዳጅ አይዝም። ስለዚህ የናሳ ኃላፊ ሾን ኦኪፍ በጥር 1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004) አምስተኛውን ጉዞ ሰረዙ።

ውሳኔው ከሳይንቲስቶች፣ ከምክር ቤት አባላትና ከተራው ሕዝብ ብዙ ተቃውሞ አስነሳ። በሮቦት መጠገን እንደ አማራጭ ተጠና፤ የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚ አጥኚ ኮሚቴ ግን ሮቦቱ በጊዜ መድረሱን ተጠራጥሮ ሰዎች ቢሄዱ እንደሚሻል መከረ። በዚህ መካከል ስቲስ በ1996 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በ1994 የተገጠመው ካሜራ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ብልሽት ቆሙ። አዲሱ የናሳ ኃላፊ ማይክል ግሪፈን ጥቅምት 21 ቀን 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2006) ጉዞው እንዲካሄድ ፈቀዱ። ፈቃዱ የተሰጠው መንኮራኩሮቹ ከአደጋው በኋላ በተሻሻለው አሠራር በሰላም በረው ከተመለሱ በኋላ ነው።

ጉዞው ለጥቅምት 2001 ዓ.ም. ተቀጥሮ ሳለ በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 2008)፣ መረጃ ወደ ምድር የሚልከው ክፍል ከሁለቱ ጎኖች አንዱ ተበላሸ። መለዋወጫው ተፈትሾ እንዲሄድ ሲባል ጉዞው እንደገና በሰባት ወር ተራዘመ።

አምስተኛው ጥገና (2001 ዓ.ም.)

አትላንቲስ ግንቦት 3 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2009) በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ ተነሳ። መሪው ስኮት አልትማን፣ አብራሪው ግሪጎሪ ጆንሰን፣ የሮቦት ክንድ አንቀሳቃሿ ሜጋን ማክአርተር ነበሩ፤ ከውጭ የሚሠሩት ደግሞ ጆን ግረንስፌልድ፣ አንድሩ ፎይስቴል፣ ማይክል ማሲሚኖና ማይክል ጉድ። ለግረንስፌልድ ወደ ሀብል ሲሄድ ይህ ሦስተኛው ነበር።

በዚያው የማስወንጨፊያ ጣቢያ ሌላኛው መድረክ ላይ ኢንዴቨር ለነፍስ አድን ዝግጁ ሆኖ ቆሞ ነበር። አትላንቲስ ቢጎዳ ኢንዴቨር አራት ሰዎችን ይዞ ተከትሎ ይነሳል፤ ሰባቱም የጠፈር ልብሳቸውን ለብሰው ከአንዱ መንኮራኩር ወደ ሌላው ይሻገራሉ። በሁለተኛው ቀን የአትላንቲስ ክንፎችና ሽፋን በካሜራ ተፈትሸው ጥቃቅን ጭረቶች ብቻ ስለተገኙ ሥራው ቀጠለ። ማክአርተር ቴሌስኮፑን በክንዱ የያዘችው በሦስተኛው ቀን ነው።

ግንቦት 6 ቀን ግረንስፌልድና ፎይስቴል በ1986 ዓ.ም. የተገጠመውን ካሜራ አውጥተው ሦስተኛውን የሰፊ መስክ ካሜራ ሊያስገቡ ወጡ። የአሮጌው ካሜራ ዋና ብሎን አልፈታ አለ። ከተፈቀደው በላይ ኃይል ቢጠቀሙ ብሎኑ ሊሰበር፣ አሮጌው ካሜራም እዚያው ተቆልፎ ሊቀር ይችል ነበር። ከምድር ጋር ከተመካከሩ በኋላ ፎይስቴል የኃይል መቆጣጠሪያውን አንስቶ በእጁ በጥንቃቄ ሲያዞረው ብሎኑ ተላቀቀ። በማግሥቱ ማሲሚኖና ጉድ ጋይሮስኮፖቹንና ከሁለቱ የባትሪ ሣጥኖች አንዱን ለወጡ። በሦስተኛው ቀን ኮስታር ወጣ። በዚያን ጊዜ በቴሌስኮፑ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ ማስተካከያው በራሳቸው ውስጥ ስለነበራቸው መነጽሩ አያስፈልግም ነበር። በቦታው የአልትራቫዮሌት ብርሃንን የሚተነትን አዲስ መሣሪያ ገባ። በዚያው ቀን የተበላሸው ካሜራ በከፊል ተጠገነ።

አራተኛው ቀን፣ ግንቦት 9፣ ከሁሉ የተለየ ነበር። ስቲስ በሕዋ ላይ ተከፍቶ እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ አልነበረም። የተበላሸውን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ለማግኘት በ111 ትናንሽ ብሎኖች የታሰረ ክዳን መነሳት ነበረበት። ከመካከላቸው አንዱ አምልጦ ቴሌስኮፑ ውስጥ ቢገባ ሌላ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ መሐንዲሶች ብሎኖቹን ሲፈቱ ይዞ የሚያስቀር፣ ለመፍቻው ብቻ ቀዳዳ ያለው ግልጽ ሰሌዳ ሠርተው ነበር።

ሥራውን ያሰናከለው ግን ከ111ዱ አንዱ አልነበረም። ክዳኑን የሚሸፍን አንድ የእጅ መያዣ አስቀድሞ መነሳት ነበረበት። ከአራቱ ትላልቅ ብሎኖቹ የመጨረሻው ጭንቅላቱ ተበልቶ መፍቻው ይዞር ጀመር። ማሲሚኖ ይህን ሲነግር በሜሪላንድ ያለው የጎዳርድ የሕዋ በረራ ማዕከል ሠራተኞች በተመሳሳይ ዕቃ ላይ ሙከራ አድርገው መያዣው በእጅ ተስቦ ቢነቀል እንደሚሠራ አረጋገጡ። ማሲሚኖ የተቀረውን ክፍል በፕላስተር ጠቅልሎ መያዣውን በጉልበቱ ገነጠለው። ከዚያ በኋላ የመፍቻው ባትሪ አልቆ መጠባበቂያ ለማምጣት መመለስ ነበረበት። በመጨረሻ 111ዱም ብሎኖች ተፈቱ፤ ሰሌዳው ተቀየረ። የዚያን ቀን ሥራ 8 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ወሰደ።

በአምስተኛው ቀን የተቀሩት ባትሪዎች ተለወጡ፤ የቀድሞዎቹ 19 ዓመት ያገለገሉ ነበሩ። ወደፊት ሰው አልባ መንኮራኩር ቴሌስኮፑን ይዞ በቁጥጥር ሥር ወደ ምድር እንዲያወርደው የሚረዳ መያዣም ተገጠመለት። ሀብል ግንቦት 11 ቀን ተለቀቀ። አትላንቲስ በፍሎሪዳ የአየር ጠባዩ ስላልተስማማ ግንቦት 16 ቀን በካሊፎርኒያ አረፈ። ከጥገናው በኋላ የተነሱት የመጀመሪያ ምስሎች ጳጉሜን 4 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 2009) ይፋ ሆኑ። ከቴሌስኮፑ የወጣው ኮስታር በኋላ በዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የአየርና የሕዋ ሙዚየም ለዕይታ ቀርቧል።

ጥገናው ያስገኘው

የሀብል ዋና ዋና ግኝቶች የመጡት ከመጀመሪያው ጥገና በኋላ ነው። በ1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1995) ባዶ ወደሚመስል ጠባብ የሰማይ ክፍል ለአሥር ቀናት ተመልክቶ ወደ 3,000 የሚጠጉ ጋላክሲዎችን አሳየ። የሩቅ ከዋክብትን ፍንዳታ በመለካት ጽንፈ ዓለም የሚሰፋበት ፍጥነት እየጨመረ መሄዱን ለማረጋገጥ ረድቷል፤ የዚህ ግኝት ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በ2011 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በአምስተኛው ጥገና የተገጠመው ካሜራም ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር ከፕሉቶ አልፋ የጎበኘችውን አሮኮት የተባለ ትንሽ አካል እ.ኤ.አ. በ2014 አግኝቷል።

ከመጨረሻው ጥገና በኋላ

የጠፈር መንኮራኩሮቹ በሐምሌ 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) ከአገልግሎት ስለወጡ ከአትላንቲስ ወዲህ ወደ ሀብል የሄደ ሰው የለም። ብልሽት ሲያጋጥም የሚደረገው ከምድር በሚላክ ትዕዛዝ ነው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) መሣሪያዎቹን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ሲቆም ባለሙያዎች ከአንድ ወር ምርመራ በኋላ ወደ መጠባበቂያ ክፍሎች አዛውረው ሥራ አስጀመሩት። በግንቦት 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 2024) ደግሞ ናሳ ቴሌስኮፑ በአንድ ጋይሮስኮፕ ብቻ እንዲሠራ፣ አንድ ሌላ ደግሞ ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ ወሰነ። በዚህ አሠራር ምልከታው ይቀጥላል፤ ነገር ግን ከአንድ አቅጣጫ ወደ ሌላ ሲዞር ጊዜ ይፈጅበታል። በግል መንኮራኩር ሄዶ ምህዋሩን ከፍ የማድረግ ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ናሳ ካጠና በኋላ ለጊዜው አልተቀበለውም።

ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2021) የተወነጨፈው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚገኝ ሰው ሄዶ እንዲጠግነው ተደርጎ አልተሠራም። በመሆኑም ከመወንጨፉ በፊት የተደረገለት ፍተሻ ረጅም ዓመታት ፈጅቷል። ትናንሽ ሳተላይቶችም በምህዋር ላይ አይጠገኑም። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2019) ከቻይና ያስወነጨፈቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት 70 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ የምትመዝን ነበረች። እንዲህ ያለችው ሳተላይት ስታረጅ በሌላ ትተካለች እንጂ ጠጋኝ አይላክላትም።

ከኢትዮጵያ ሲታይ

የሀብል ምህዋር 28.5 ዲግሪ የሚያዘነብል በመሆኑ ቴሌስኮፑ የሚያልፈው ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ 28.5 ዲግሪ ድረስ ባለው ክልል ላይ ነው። ኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ በዚህ ክልል ውስጥ ትገኛለች። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ሀብል አንዳንድ ጊዜ በቀጥታ በአናቷ ላይ ያልፋል፤ በሰሜን አውሮፓ ባሉ ብዙ ከተሞች ግን ከአድማስ በላይ አይወጣም።

ለማየት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። አመቺው ጊዜ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም ከመውጣቷ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ በዚያን ጊዜ መሬቱ ጨልሞ ሀብል ግን ገና የፀሐይ ብርሃን ያገኘዋል። ሳያብለጨልጭ የሚሄድ ኮከብ መስሎ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሻገራል። አውሮፕላን ቢሆን ቀይና አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይልበታል፤ ሀብል ግን በፀሐይ ብርሃን ብቻ የሚታይ አንድ ነጭ ነጥብ ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ፣ የሚመለከት ሰው ነጥቡን በወጨጫ ተራራ በኩል መጠበቅ ይኖርበታል። የሚያልፍበትን ሰዓት የሳተላይቶችን መንገድ በሚያሰሉ የስልክ መተግበሪያዎች ማወቅ ይቻላል። የክረምት ደመና ምልከታውን ስለሚከለክል ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉት ጥርት ያሉ ምሽቶች ይመረጣሉ።

በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች ይገኛሉ። ከፍታው የከባቢ አየሩን ተጽዕኖ ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያስቀረውም። በሌላ በኩል ከእንጦጦዎቹ ቴሌስኮፖች አንዱ ሲበላሽ ጠጋኙ በመኪና ይደርስበታል። ለሀብል ተመሳሳይ ጉብኝት በተደረገለት ቁጥር ሰባት ሰዎች በሮኬት መነሳት ነበረባቸው።